ፋይሌ ጠፋ ተባለ፣ ደላላው ስልክ ላይ ግን ነበር

እኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የመንግስት መስሪያ ቤት አጥር ስር፣ ሁለት ኮፒ ማሽን አንድ ፕሪንተር አንድ አሮጌ ኮምፒውተር። ቀኑን ሙሉ የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው የምውለው፣ አስራ አንድ አመቴ። ስለዚህ ሰው ጉቦ ሲከፍል ፊቱ ላይ አውቀዋለሁ ማለት ይቻላል፣ ጠዋት ማመልከቻ አስጽፎ የሄደ ሰውዬ ከሰአት መጥቶ "ተይው አልቋል" ካለኝ እንዴት አለቀ ብዬ አልጠይቅም። እና ይሄን ሁሉ እያየሁ የራሴ ጉዳይ ሲመጣ ልክ እንደማንኛውም ሰው ነው ግራ የገባኝ። ጉቦ ሳይከፈል ጉዳይ እንዴት እንደሚያልቅ ለደንበኞቼ በቃል ስነግር የነበረውን አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው፣ ረጅም ነው ይቅርታ።

መጀመሪያ ግን ጥፋቴን ልናገር ምክንያቱም ንጹህ ሆኜ አይደለም የምጽፈው። በ2009 ንግድ ፈቃድ ላሳድስ ሄጄ አንድ ወረቀት ጎደለ ተባልኩ፣ አመጣሁ፣ ሌላ ጎደለ፣ አመጣሁ፣ በሶስተኛው ቀን አንዱ ሰራተኛ ኮሪደር ላይ "ለሻይ የሆነ ነገር አድርጊና ልጨርስልሽ" አለኝ። 3 ሺህ ብር ሰጠሁት። ሱቄን ዘግቼ ሶስት ቀን ከመመላለስ ይሻለኛል ብዬ ሂሳብ ሰርቼ ነው፣ ሂሳቡም ልክ ነበር ለዛ አመት። በቀጣዩ አመት ግን ገና መስኮቱ ጋ ሳልደርስ ስሜን ጠርቶ ሰላም አለኝ። ወረቀቴ ሁሉ ሙሉ ነበር እኮ፣ ምንም አልጎደለም፣ እሱ ግን 5 ሺህ ነው የጠበቀው። ያኔ ነው የገባኝ፣ የከፈልኩት ለዛ አመት እድሳት ብቻ አልነበረም፣ ከሚከፍሉ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ መግቢያ ነበር። እዛ ዝርዝር ውስጥ አንዴ ከገባሽ ማን ያወጣሻል።

እሺ ወደ ዋናው ልምጣ። እናታችን በ2013 አረፈች፣ ቤቱ በሷ ስም ነው፣ ሶስት ልጆች ነን፣ እኔ፣ ታናሽ እህቴ፣ እና አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖር ወንድማችን። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አወጣን፣ ወንድሜ ውክልናውን በኤምባሲ በኩል ላከ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ወስደን አረጋገጥን፣ ከዛ ሰነዶች ማረጋገጫ። እስከዚህ ድረስ ሰልፍ ነበረው እንጂ ሳንቲም የጠየቀን ሰው የለም፣ ይሄንንም መናገር ፍትህ ነው። ጥቅምት 2015 ላይ ለስም ዝውውር መሬት አስተዳደር ገባሁ።

"ፋይሉ የለም" ተባልኩ።

የለም ማለት? "ፈልገን አጣነው፣ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ ሲዛወር ይሆናል፣ ሌላ ቀን ይመለሱ።" ተመለስኩ። የለም። ሌላ ሳምንት ሄድኩ፣ ሲስተም የለም። ሌላ ሳምንት፣ ፈራሚው ስብሰባ። በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ቀን ከግቢው ስወጣ አንድ ጎልማሳ፣ ጥሩ ጃኬት የለበሰ፣ "እህቴ ደከመሽ አይደል፣ ማኪያቶ ልጋብዝሽ" ብሎ ፊት ለፊት ካለው ካፌ አስገባኝ። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ አለ። ጨዋ ሰው ነው፣ አይቸኩልም፣ እናቴንም ነፍስ ይማር አለልኝ። እናቴ መሞቷን አልነገርኩትም ነበር።

ከዛ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። የፋይላችን የመጀመሪያ ገጽ። እናቴ በራሷ እጅ የፈረመችበት፣ ጥጉ ላይ የቡና ጠብታ ያለበት፣ ያቺን ጠብታ ልጅ ሆኜ ነው የማውቃት ምክንያቱም ያን ቀን ቡናውን የደፋሁት እኔ ነኝ። ጠፋ የተባለው ፋይል የዚህ ሰውዬ ጋለሪ ውስጥ ነው ያለው፣ ከሰው ሰርግ ፎቶና ከመኪና ፎቶ መሀል።

"35 ሺህ ነው፣ ለኔ አይደለም፣ ከዛ ውስጥ ለኔ ትንሽ ነው የሚደርሰኝ፣ ካርታው በሁለት ሳምንት እጅሽ ይገባል" አለኝ። እውነቱን ነው ለሱ ትንሽ ነው የሚደርሰው፣ ይሄንን በኋላ ነው የተረዳሁት።

ማታ ወንድሜ ጋ ደወልኩ። "በዶላር ስንት ነው እሱ፣ ከፍለሽ ገላግይን" አለ። አልፈርድበትም፣ እዛ ላለ ሰው የእረፍት ቀን ከገንዘብ ይወደዳል። ግን ክረምት ክረምት እኔ ሱቅ የሚመጡ ከውጭ የገቡ ሰዎችን አይቻለሁ፣ ሶስት ሳምንት ብቻ ነው ያለኝ ይላሉ፣ ይህቺን ቃል መስኮት ላይ ሲናገሩ በቃ ዋጋው ተቆረጠ ማለት ነው። ስንት ቀን እንዳላችሁ ለማንም አትንገሩ። ይሄን ከዚህ ጽሁፍ ብቻ ብትወስዱ ይበቃል።

እህቴ ደግሞ በሌላ በኩል "የሆነ ሰው አናውቅም ወይ እዛ ውስጥ" አለች። ሰው መፈለግ ጉቦ አይመስለንም፣ ብር ስለሌለበት። ግን ያ የምናውቀው ሰው የኛን ፋይል ሲያወጣ ተራ የያዘች አንዲት እናት ፋይል ከስር ይሆናል፣ ለሷ ምን ለውጥ አለው በብር ይሁን በዝምድና። በእርግጥ ይሄን ያልኩት አሁን ነው፣ ያኔ እኔም ስልኬን ገልብጬ ሰው ፈልጌያለሁ።

ያዳነኝ አጎቴ ነው። ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ሰላሳ ምናምን አመት የማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት ሰርቷል፣ ክፍለ ሀገር። ቅዳሜ ቤቱ ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት፣ ሳቀ። "አንቺ ልጅ፣ ፋይል እኮ አይጠፋም፣ ፋይል ይቀመጣል እንጂ" አለኝ። "እንዴት ጋሼ?" ስለው ቁጭ ብሎ አስረዳኝ። ፋይሉ ከመደርደሪያው ይወጣና የአንዱ ባለሙያ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ የለም ስትል አትዋሽም፣ መደርደሪያው ላይ የለማ። ባለሙያውም አይዋሽም፣ እሱን ማንም አልጠየቀውም። ፎቶው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ውጭ ያለው ሰው ባለጉዳዩን ይጠብቃል፣ ብሩ ሲገባ ለአራት ለአምስት ይከፋፈላል፣ ማንም ሰው በአፉ ጉቦ አልጠየቀም፣ ሁሉም ንጹህ ነው። "ይሄ ሁሉ የሚሰራው በአፍ ስለሆነ ነው፣ መቼ ነው ፋይሉን የጠየቅሽው?" አለኝ። ስድስት ጊዜ አልኩት። "የት ተጽፏል?" አለኝ።

የትም አልተጻፈም! ማመልከቻ ጽፎ የሚበላ ሰው፣ ለራሴ ስድስት ጊዜ ሄጄ አንድ መስመር አልጻፍኩም። አፈርኩ በእውነት።

ሰኞ ሱቄን ሳልከፍት ጻፍኩ። ቃል በቃል እንዲህ ነው የሚለው፣ ለሚፈልግ ሰው ይጠቅማል፦ "ጉዳዩ፦ ማህደሬ የሚገኝበት ሁኔታ በጽሁፍ እንዲገለጽልኝ ስለመጠየቅ።" ከስር የማህደር ቁጥሩን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ከዛ የተመላለስኩባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ፣ በየቀኑ ምን እንደተባልኩ። ማንንም ሌባ አላልኩም። ደላላውንም አላነሳሁም። መጨረሻው ላይ "ማህደሩ ካለ አገልግሎቱ እንዲሰጠኝ፣ ከሌለ ደግሞ የጠፋ መሆኑ በደብዳቤ እንዲረጋገጥልኝ" የሚል። ይሄ ሁለተኛው ነው ወሳኙ። በአፍ ጠፍቷል ማለት ቀላል ነው፣ ጠፍቷል ብሎ ፈርሞ ማህተም የሚያደርግ ግን አይገኝም፣ ምክንያቱም የጠፋ ማህደር ተጠያቂ አለው።

ከዛ ግልባጭ። ሀገራችን ውስጥ ግልባጭ የሚባል ነገር ያለውን ጉልበት የሚያውቅ ያውቃል። ግልባጭ ለክፍለ ከተማው ስራ አስፈጻሚ፣ ግልባጭ ለቅሬታ ሰሚ፣ ግልባጭ ለስነምግባር መከታተያ። የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ በየመንግስት መስሪያ ቤቱ የስነምግባር መከታተያ የሚባል ክፍል አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ በሩ ዝግ ነው የሚውለው። ሰውየው ይረዳኛል ብዬ አይደለም፣ ስሙ ወረቀቱ ላይ መኖሩ ነው።

ሁለት ኮፒ ይዤ ገባሁ። አንዱን ለነሱ፣ አንዱን "ገቢ" ብለው ቁጥርና ቀን ጽፈው ማህተም አድርገው እንዲመልሱልኝ። ልጅቷ መጀመሪያ "ማመልከቻ አያስፈልግም፣ በቃል ይጠይቁ" አለችኝ። "እህቴ ችግር የለም፣ አንቺ ገቢ ብቻ አድርጊልኝ፣ ሌላውን እነሱ ይወስናሉ" አልኳት። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፣ አልጮህኩም፣ አልሄድኩምም። ገቢ አደረገችው። ያቺ ልጅ ላይ ቂም የለኝም፣ ያን ጊዜ የመንግስት ሰራተኛ ዝቅተኛ ደሞዝ 1,100 ብር ነበር፣ 4,760 የሆነው በ2017 ነው፣ አሁን ደግሞ 6 ሺህ ገብቷል። የታችኞቹን ነገር ደሞዛቸው ያስረዳልኛል። ሶስት መኪና የሚቀያይረውን ግን ደሞዝ አያስረዳልኝም፣ የሀብት ምዝገባ አዋጅ ከ2002 ጀምሮ እያለ።

አንድ ወር ምንም የለም። እንደውም ባሰ። ልክ በዛ ሰሞን ህዳር ላይ መንግስት ብሄራዊ የፀረ ሙስና ኮሚቴ አቋቋምኩ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ሁሉ ሙስና ሙስና ሆነ፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ደላላው ካፌው በር ላይ አገኘኝና "እህቴ አሁን 50 ሺህ ሆኗል፣ አደጋ አለው ስራው" አለኝ። በሳቅ ነበር የሞትኩት፣ ማለቴ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ግድግዳቸው ላይ የዜጎች ቻርተር የሚባል ትልቅ ፖስተር አለ፣ አይታችሁታል፣ ማንም አያነበውም፣ እያንዳንዱ አገልግሎት በስንት ቀን እንደሚያልቅ የተጻፈበት። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት፣ ዘበኛው ተቆጣኝ፣ "አባቴ ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁት ላነበው አይደል" አልኩት፣ ዝም አለ። ለሁለተኛው ማመልከቻ ያ ፖስተር መሰረት ሆነኝ፣ "በመስሪያ ቤቱ ቻርተር ላይ በተቀመጠው ስታንዳርድ መሰረት ጊዜው ያለፈ ስለሆነ" ብዬ የመጀመሪያውን ማመልከቻ የገቢ ቁጥር ጠቅሼ ጻፍኩ። ይሄኛውን ለቅሬታ ሰሚ። እንደገና ገቢ፣ እንደገና ቁጥር። ሰውየው ቅሬታ ሰሚው ጥሩ ሰው ነበር፣ ግን አቅም የለውም፣ "እጠይቅልሻለሁ" ነው ሁሌ የሚለኝ። እጠይቃለሁ ያለበትን ቀን ማስታወሻዬ ላይ ፊቱ ጻፍኩ፣ አየኝ።

ሶስተኛውን እንባ ጠባቂ ወሰድኩት። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገራችሁ ምክንያቱም ሱቄ ውስጥ በቀን አንዴ ይጠይቁኛል። እንባ ጠባቂ የአስተዳደር በደል አቤቱታ የሚያይ ተቋም ነው፣ በ1992 አዋጅ የተቋቋመ፣ አቤቱታ ማስገባት በነጻ ነው፣ ግን መጀመሪያ እዛው መስሪያ ቤቱ ውስጥ ቅሬታ አቅርባችሁ ነበር ወይ ነው የሚሏችሁ። ማስረጃ ከሌላችሁ ይመልሷችኋል። የኔ ሁለቱ ገቢ የሆኑ ወረቀቶች እዛ ነው ዋጋ ያወጡት። ይከሳል ያስራል ብላችሁ አትጠብቁ፣ ጠይቆ መፍትሄ ሀሳብ ነው የሚሰጠው።

ፀረ ሙስና ኮሚሽንም እንደዛው፣ ሰው አሁንም እንደ ድሮው መርምሮ የሚከስ ይመስለዋል። በ1993 ሲቋቋም ነበረው፣ ከ2008 ወዲህ ግን ምርመራው ወደ ፖሊስ ክሱ ወደ አቃቤ ህግ ሄዷል፣ ኮሚሽኑ ጋ የቀረው በብዛት መከላከሉ፣ ማስተማሩና ሀብት ማስመዝገቡ ነው። ጥቆማ ግን ይቀበላል፣ አዲስ አበባም የራሷ ኮሚሽን አላት። ብር በቀጥታ ከተጠየቃችሁና እጅ ከፍንጅ ማስያዝ ከፈለጋችሁ ግን ፖሊስ ሳይኖር በራሳችሁ ብር ይዛችሁ ፊልም ለመስራት አትሞክሩ። ጉቦ ሰጪም በህግ ይጠየቃል፣ በኋላ ማስረዳቱ የናንተ ጣጣ ነው የሚሆነው። እኔ ደላላውን ለመጠቆም አስቤ ነበር እና ፈራሁ፣ በግልጽ እናገራለሁ፣ ሱቄን ያውቀዋል ልጆቼንም ያውቃቸዋል። የጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ አለ፣ ከ2003 ጀምሮ፣ ሰፈር ውስጥ ግን አዋጁ አይጠብቀኝም አልኩ። በዚህ ጎበዝ ነኝ አልልም።

የእንባ ጠባቂው ደብዳቤ በሄደ በሶስተኛ ሳምንቱ ስልክ ተደወለልኝ። መጋቢት አጋማሽ ነው። "ማህደሩ ተገኝቷል፣ ይምጡ።" የት ነበር? "ሌላ ማህደር ውስጥ ተቀላቅሎ።" መዝገብ ቤት ስገባ ልጅቷ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አደረገችልኝ፣ አቧራ የለበትም። ዙሪያው ያሉት ፋይሎች በሙሉ ጣት የሚያስነካ አቧራ አላቸው፣ የኛ ብቻ ንጹህ ነው፣ መሳቢያ ውስጥ የከረመ ነገር ያስታውቃል። ገለጥኩት፣ የቡና ጠብታዋ አለች። ልጅቷን አየኋት፣ እሷም አየችኝ፣ ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ከዛ በኋላ ሰኔ ላይ ነው ያለቀው፣ ልኬት፣ ግምት፣ ክፍያ፣ ፊርማ፣ በመሀል ሁለት ጊዜ ደግሞ ሊያቆሙት ሞክረዋል፣ በሁለቱም ጊዜ ያው ወረቀት። ስምንት ወር። ደላላው ሁለት ሳምንት ነበር ያለኝ፣ እና ሊያደርገውም ይችል ነበር፣ ይሄን አልክድም። ስምንት ወር መጠበቅ የማይችል ሰው አለ፣ ልጁ ታሞ ቤቱን መሸጥ ያለበት አለ፣ እሱን ለምን ከፈልክ አልለውም። እንደኔ መጠበቅ የሚችለው ሰው ግን አለመክፈል አለበት እላለሁ፣ መጠበቅ በማይችለው ላይ ዋጋውን የሚያስወድደው እሱ ነዋ።

አሁን ብዙ ሰው ሁሉም ነገር ኦንላይን ሲሆን ያልቃል ይላል። በከፊል እስማማለሁ፣ ክፍያ በቴሌብር ሲሆን በመስኮት የሚያልፍ ጥሬ ብር ቀንሷል፣ ሚያዝያ 2017 የተከፈተው መሶብ የሚባለው የአንድ ማእከል አገልግሎት ጋም ጎረቤቴን ይዣት ሄጄ ነበር፣ ተራ በቁጥር ነው፣ ኮሪደር የለም፣ ኮሪደር ከሌለ "ና እስኪ" የሚባልበት ቦታ የለም። ግን ሐምሌ 2014 ላይ የኮንዶሚኒየም እጣ በኮምፒውተር ወጥቶ ዳታው ተነካክቶ ተገኘ ተብሎ መሰረዙን አልረሳሁም፣ እኔ ራሴ ቆጣቢ ነበርኩ። ኮምፒውተሩም ሰው ነው የሚያስገባበት።

የሚጠይቁኝን ሁለት ሶስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ስልክ ላይ የሚባለውን ሁሉ በዛው ቀን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ቀን፣ ሰአት፣ የትኛው ቢሮ ቁጥር። ስም ካልነገሯችሁ የቢሮ ቁጥሩ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ኦርጅናል ወረቀት ኮፒ ሳታደርጉ ለማንም እንዳትሰጡ፣ ይሄን የምለው ገበያ ፈልጌ አይደለም ሃሃ። ሌላው፣ መረጃ የመጠየቅ መብት አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 590/2000፣ መስሪያ ቤቱ ጥያቄውን በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ማመልከቻችሁ ላይ ቁጥሩን ስትጠቅሱ አንባቢው ቀና ብሎ ያያችኋል። ስድብ ግን አትጻፉ። ሌባ ምናምን የሚል ማመልከቻ የሚያስጽፉኝ ሰዎች አሉ፣ እጽፍላቸዋለሁ ገንዘባቸው ነው፣ መልስ ሲያገኙ ግን አላየሁም። እና ማህተሙ ካልተነበበ እንደገና አስመቱት፣ ቀለሙ አልቆባቸው ከሆነ ቁጥሩን በእስክሪብቶ ያስቀምጡላችሁ።

ካርታው በእጄ የገባ ቀን ለወንድሜ ፎቶ ላኩለት። ወዲያው ደወለ፣ እዛ ሌሊት ነበር። "ስንት ከፈልሽ?" አለኝ። የመንግስቱን ክፍያ ነገርኩት። "እሱን አይደለም" አለኝ። ሌላ የለም፣ ታክሲ ነው፣ ኮፒው ደግሞ ከራሴ ቤት አልኩት። ዝም አለ። ከዛ "ደረሰኙን ላኪልኝ" አለ፣ አላመነኝም ማለት ነው። ላኩለት።